ክፍል ሲታደስ የቱን እንምረጥ? ከመጨረሻው ወንበር የታየ ንጽጽር

አንድ ትምህርት ቤት ክፍሎቹን ሊያድስ ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው ስለ ስክሪን ነው። ቀጥሎ ጎማ ያለው ወንበር ይመጣል። ከዚያ ደማቅ ቀለም። ሁሉም ፎቶ ላይ ያምራሉ። ለጉብኝት የመጣ ወላጅም ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። እኔም ማስተማር ስጀምር እንደዚያ ነበር የማስበው። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ልጅን ክፍል ውስጥ የሚያደክመው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ላይ የማይወጣው ነገር ነው። ድምፁ ነው። አየሩ ነው። ብርሃኑ ነው።

ስለዚህ ይህን ንጽጽር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደጻፍኩት ቁጠሩት። ከመምህሩ በጣም የራቀው፣ ጥግ ላይ ያለው ወንበር ነው። ፊት የተቀመጠ ተማሪ የትኛውም ክፍል ውስጥ ይሰማል፣ ያያል። የክፍል አሠራር የሚፈተነው ኋላ ያለው ልጅ ላይ ነው። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ወንበር ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተቀመጡ። ባዶ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ተማሪ ሞልቶ፣ ትምህርት እየተሰጠ።

ክፍሉ ውጤት ላይ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል ሰው አንድ ጥናት ልጥቀስ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እንግሊዝ ውስጥ የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ27 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ 153 ክፍሎችንና 3,766 ተማሪዎችን ተከታትለው በ2015 ውጤቱን አወጡ። ተማሪዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ባሳዩት እድገት መካከል ከነበረው ልዩነት 16 በመቶው ከክፍሉ አሠራር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን የያዙት ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው። ሌላም ደስ የሚል ነገር አለው። የግቢው ስፋትና የሕንፃው ግርማ ሳይሆን ልጁ የሚውልበት አንዱ ክፍል ነው ልዩነት የፈጠረው። ይህ ማለት አቅም የሌለው ትምህርት ቤትም አንድ ክፍል ይዞ መጀመር ይችላል ማለት ነው።

ክፍት አዳራሽ ወይስ በር ያለው ክፍል?

ዛሬ "ዘመናዊ" ተብለው ከሚቀርቡት ሐሳቦች መካከል ትልቁና ለማረም በጣም የሚከብደው ይህ ነው። ግድግዳ ይፍረስ፣ ሁለት ሦስት ክፍል ይቀላቀል፣ ልጆች እንደ ሥራቸው ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ያለ ውስጥ ግድግዳ ተሠርተው ነበር። ከዚያ ምን ሆነ? መምህራኑ መጀመሪያ ቁም ሣጥንና የመጻሕፍት መደርደሪያ እየጎተቱ መሃል ላይ አቆሙ። ቀጥሎ ተንቀሳቃሽ መከለያ ገባ። በመጨረሻ ግድግዳው ተመልሶ ተሠራ። ዋናው ምክንያት ጫጫታ ነበር። አንዱ ቡድን ታሪክ ሲሰማ ጎን ያለው ማባዛት በዜማ ይላል። የሁለቱም ልጆች ጆሮ ለሁለት ይከፈላል።

የክፍት አዳራሽ ጥቅም የለም ማለቴ አይደለም። ሁለት መምህራን አብረው አቅደው፣ አብረው የሚያስተምሩ ከሆነ፣ ተማሪውም ጥቂት ከሆነ፣ ቦታው ሰፊ ከሆነ ያምራል። ለፕሮጀክት ሥራ ደግሞ ተወዳዳሪ የለውም። ግን ሁለቱ መምህራን በአንድ ሰዓት ሁለት የተለያየ ትምህርት የሚሰጡ ከሆነ እዚያ ውስጥ የሚጎዳው ልጁ ነው።

በር ያለው ባህላዊ ክፍል ደግሞ ጸጥታው ቢጠበቅም ሁሉንም ነገር በአንድ ቦታ ያጭቃል። ለቡድን ውይይት የሚወጣ ልጅ መሄጃ የለውም።

እኔ የምመርጠው በሁለቱ መሃል ያለውን ነው። ክፍሉ የራሱ ግድግዳና በር ይኑረው። ጎኑ ላይ ግን አምስት ስድስት ልጅ የሚይዝ ትንሽ ክፍል ይጨመር፣ መሃላቸው መስታወት ይሁን። መምህሩ ልጆቹን ያያቸዋል፣ ድምፃቸው ግን አይመጣም። የሚታጠፍ ወይም የሚንሸራተት መከለያ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ሲዘጋ ታችና ላይ ያለውን ክፍተት የሚደፍን ጎማ አለው ወይ? ድምፅ እንደ ውኃ ነው፣ ቀዳዳ ካገኘ ያልፋል። መከለያው የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ወለሉ ጋ አንድ ጣት የምታህል ክፍተት ካለች ገንዘቡ ባክኗል።

ለጸጥታ የቱ ይሻላል? ኮርኒስ፣ ምንጣፍ ወይስ ማይክራፎን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ትልቅ ሰው ከሰማው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ቃል ቢያመልጠው ከልምዱ ይሞላዋል። ልጅ ግን አይችልም። የቃላት ስንቁ ገና ትንሽ ነው። ያመለጠችው ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ የዕለቱ አዲስ ቃል ናት። ጫጫታ ባለበት ቦታ ንግግርን ለይቶ የመስማት ችሎታ እንደ ትልቅ ሰው የሚሆነው በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። በሁለተኛ ቋንቋው የሚማር ልጅ፣ ጉንፋን ጆሮውን የደፈነበት ልጅ፣ ለአንድ ነገር ብቻ ትኩረት መስጠት የሚቸግረው ልጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይቸገራሉ። "ይህ ልጅ አይሰማም፣ ሰነፍ ነው" የሚባለው ስንቱ እንደሆነ ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

ቁጥሩ ምን ይላል? በ2002 የወጣው የአሜሪካ የክፍል ድምፅ ደረጃ ባዶ ክፍል ውስጥ ያለው ጫጫታ ከ35 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ይላል። መጠነኛ ስፋት ባለው ክፍል ደግሞ ማስተጋባቱ ከ0.6 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። የመምህሩ ድምፅ ከጫጫታው 15 ዴሲቤል ያህል ከፍ ብሎ እንዲሰማ ይፈለጋል። ሜዳ ላይ ቢሆን ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ድምፁን እየመለሰ ትንሽ ያግዛል። ዘግይቶ የሚመለሰው ግን ቀጣዩ ቃል ላይ ይደረባል። ኋላ ያለው ልጅ የሚሰማው ይህን የተደራረበ ድምፅ ነው።

መሣሪያ ባይኖራችሁም ማወቅ ትችላላችሁ። ባዶ ክፍል መሃል ቁሙና አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ድምፁ ጠብ ብሎ ከቀረ ጥሩ ነው። እንደ ቆርቆሮ ሲርገበገብ ከቆየ ክፍሉ ያስተጋባል።

አሁን ወደ ምርጫው። ድምፅ የሚመጥ ኮርኒስ ከሁሉም ይበልጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮርኒስ የክፍሉን ያህል ስፋት አለው፤ ዕቃ አይከልለውም፣ ልጅ አይነካውም። ተራ ጂፕሰም ወይም ቺፕውድ ግን ይህን ሥራ አይሠራም፣ ድምፁን መልሶ ይልከዋል። ሲገዛ ድምፅ ለመምጠጥ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከዓመታት በኋላ "ቆሸሸ" ብላችሁ ወፍራም ቀለም እንዳትቀቡት። ድምፁን የሚመጡት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ኮርኒሱም ተራ ጣሪያ ይሆናል።

ምንጣፍ የእግር ኮቴንና የወንበር መጎተትን ያጠፋል። ማስተጋባት ላይ ግን ቀጭን ምንጣፍ ብዙ አይረዳም፤ አቧራ ይይዛል፣ ለማጽዳትም ያስቸግራል። ለታናናሾች የንባብ ጥግ ይሁን፣ ለሙሉ ክፍል አልመክረውም።

ማይክራፎንና ድምፅ ማጉያስ? በማያስተጋባ ክፍል ውስጥ የመምህሩን ጉሮሮ ያድናል፤ ኋላ ላለውም ይደርሳል። በሚያስተጋባ ክፍል ግን የተደራረበውን ድምፅ ነው የሚያጎላው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከኮርኒሱ በኋላ ነው የሚመጣው።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚባለውን ደግሞ ተዉት። ከጎን ክፍል የሚመጣ ድምፅ አያግድም፤ እሳት ቢነሳም አደገኛ ነው።

ከሁሉ የሚረክሰው የቱ ነው ካላችሁ የወንበር እግር ጫፍ ላይ የሚገባው ላስቲክ ነው። 40 ወንበር 160 እግር አለው። አንድ ጊዜ ከክፍል መጨረሻ ቁጭ ብዬ የወንበሮቹን ጩኸት ቆጠርኩ። መምህሯ ስለ ትነት ታስረዳለች። አንዱ ልጅ ላጲስ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ወንበሩ ጮኸ። ሌላዋ ለጓደኛዋ ቦታ ለመልቀቅ ሳብ አደረገች። ሲሚንቶው ላይ የብረት እግር ሲጎተት ጥርስ ያፋጫል። መምህሯ እያንዳንዷ ጩኸት ላይ ሳይታወቃት ቃሏን ታቋርጥና ትደግማለች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ነበር። ላስቲኩ ከገባ በኋላ ያንኑ ክፍል ሳየው መጀመሪያ ያስተዋልኩት የመምህሯን ድምፅ ነው። ዝቅ ብሎ ነበር። መጮህ አላስፈለጋትም።

አየር፦ መስኮት፣ ማራገቢያ ወይስ ኤሲ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ ንጹሕ አየር ከውጭ አያመጣም። እዚያው ክፍል ውስጥ ያለውን አየር እየሳበ፣ እያቀዘቀዘ መልሶ ይለቀዋል። የኮርኒስ ማራገቢያም እንደዚያው ነው፤ አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይቀይረውም። መስኮት ዘግቶ ኤሲ የከፈተ ክፍል ቅዝቃዜው ደስ ይላል፤ ልጆቹ ግን አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየተነፈሱ ነው የሚውሉት።

የጀርመኑ ሐኪም ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ1858 ለዚህ መለኪያ አበጀ። የክፍል አየር ምን ያህል እንደታፈነ በውስጡ ባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታወቃል አለ። ከሺህ እጅ አንድ፣ ዛሬ በምንለው 1,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 1,000) ካለፈ ጥሩ አይደለም ብሎ ወሰነ። ከ160 ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ብዙ አገር ይህንኑ ቁጥር ይጠቀምበታል። ውጭ ያለው አየር 420 ገደማ ነው። ተማሪ የሞላበት ክፍል መስኮቱ ተዘግቶ ሲቆይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 2,000 ማለፉ የተለመደ ነው። ከምሳ በኋላ "ልጆቹ ደነዘዙ" የምንለው ሁሉ ከሆድ መሙላት የመጣ አይደለም። በእጅ የሚያዝ መለኪያ ገዝታችሁ ከክፍል ክፍል አዙሩት። አንድ መለኪያ ለመላው ትምህርት ቤት ይበቃል።

ውጩ ጸጥ ያለና ከአቧራ የጸዳ ከሆነ ትይዩ መስኮቶችን የሚያክል የለም። ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ መስኮት ያለው ክፍል ግን አየሩ ከመስኮቱ አጠገብ ብዙ አያልፍም። በዚያኛው ግድግዳ፣ ከበሩ በላይ የምትከፈት ትንሽ መስኮት ማውጣት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሙቀት ባለበት የኮርኒስ ማራገቢያ ጨምሩበት። መንገድ ዳር ከሆነና መስኮት ሲከፈት ጩኸትና ጭስ የሚገባ ከሆነ ደግሞ አየር እያጣራ የሚያስገባ መሣሪያ የግድ ይሆናል። ወጪው ከበድ ይላል፤ ማጣሪያውም በጊዜው መቀየር አለበት። ኤሲ የምመክረው ከነዚህ አንዱ ካለ በኋላ ነው።

ስለ ጣሪያ ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ ትምህርት ቤት አለ። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል መንደር ይገኛል። የሠራው የመንደሩ ልጅ፣ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ ነው። እሱ ራሱ በልጅነቱ የተማረው በታፈነና በሚያቃጥል ክፍል ውስጥ፣ ከመቶ የሚበልጡ ልጆች ታጭቀው ነበር። በ2001 የተጠናቀቀው ትምህርት ቤቱ ግድግዳው ከአካባቢው አፈር በተሠራ ጡብ ነው። ብልሃቱ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ ለይቶ፣ በተበየደ ፌሮ ተሸክሞ ከፍ አደረገው። የጡብ ኮርኒሱ ክፍተት አለው። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ሙቀቱ በሁለቱ መሃል በሚያልፈው ነፋስ ይወሰዳል፤ ከክፍሉ የሚነሳው ሞቃት አየርም በክፍተቱ ወጥቶ ይሄዳል። ማራገቢያም ኤሲም የለም። ሥራው በ2004 የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማትን አገኘ፤ ኬሬም በ2022 ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን ተሸለመ። ቆርቆሮ ሥር በቀጥታ የሚማሩ ልጆች ካሏችሁ ከየትኛውም ስክሪን በፊት ስለዚህ አስቡ። ዝናብ ሲመጣ የሚወርደውን ጩኸትም አትርሱ።

ብርሃን፦ ትልቅ መስኮት ወይስ ጥሩ አምፖል?

ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቅድሚያው ግን የቀን ብርሃን ነው። በ1999 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተሠራ ሰፊ ጥናት ብዙ የቀን ብርሃን በሚያገኙ ክፍሎች የተማሩ ልጆች በጣም ጥቂት ከሚያገኙት ይልቅ በአንድ ዓመት ውስጥ በሒሳብ 20 በመቶ፣ በንባብ 26 በመቶ ፈጥነው ተራምደው ተገኝተዋል። ብርሃኑ ብቻውን ነው ይህን ያመጣው ማለት አይቻልም። ግን ችላ የሚባል ቁጥርም አይደለም።

ችግሩ ብርሃን መኖሩና አጥርቶ ማየት አንድ አለመሆናቸው ነው። አንድ ልጅ ነበረች፣ መስኮት ሥር የምትቀመጥ። ስትጽፍ አንገቷን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ልማድ መስሎኝ ብዙ ጊዜ "ቀና በይ" ብያታለሁ። አንድ ቀን ልጆቹ ከወጡ በኋላ እሷ ቦታ ቁጭ አልኩ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አንጸባራቂው ነጭ ሰሌዳ ላይ አርፎ ከግራ በኩል አንድ ሦስተኛውን ነጭ አድርጎታል። እዚያ የተጻፈው ምንም አይታይም። አንገቷን ስታዘነብል ብቻ ነው ጽሑፉ ብቅ የሚለው። ለካ ከግማሽ ዓመት በላይ ሰሌዳ የምታነበው በአንገቷ ነበር። ዛሬም ያቺን ልጅ ሳስብ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሰሌዳ ስትመርጡ የማያንጸባርቅ ደብዛዛ ገጽ ያለውን ምረጡ። ጥቁር ሰሌዳ በዚህ በኩል ይበልጣል፤ የጠመኔው ብናኝ ነው ችግሩ። መስኮቱ ላይ ደግሞ ወፍራም መጋረጃና የሚዞር ዝንጣፊ (ቀጫጭን ጠፍጣፋ ቁራጭ) ያለው መጋረጃ ቢቀርብላችሁ ሁለተኛውን ውሰዱ። ወፍራሙ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ ነው። ለፕሮጀክተር ተብሎ አንዴ ከተዘጋ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይቀራል። ዝንጣፊው ግን ፀሐዩን ወደ ኮርኒስ መልሶ ክፍሉን ያበራል። ለአምፖል ከ300 እስከ 500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ጠረጴዛ ላይ ይድረስ፣ የማይርገበገብም ይሁን። ለሰሌዳው ለብቻው የሚበራ መብራት ቢኖር ደግሞ እሰየው።

አቀማመጥ፦ ረድፍ፣ ቡድን ወይስ ጎማ?

ረድፍ "ያረጀ" ነው ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። በ2008 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ያገኘው ነገር ግልጽ ነው። ተማሪው ለብቻው የሚሠራ ከሆነ ረድፍ ይሻላል፤ በተለይ በቀላሉ ለሚዘናጉ ልጆች። መነጋገር የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ ቡድን ወይም ግማሽ ክብ ይሻላል። ምርጫው ሥራውን ይከተላል። ቀኑን ሙሉ በቡድን አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ለየብቻ ማሠራት ልጁን ከጓደኛው ፊት አስቀምጦ "አታውራ" ማለት ነው።

ክብ ጠረጴዛ ያደነቅኩት በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፊዚክስ መምህሩ ሮበርት ባይክነር ዘጠኝ ተማሪ የሚይዝ፣ ዲያሜትሩ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ጠረጴዛ ይዞ ተነሳ። ዘጠኙ በሦስት በሦስት ይከፈላሉ። የወደቁ ተማሪዎች ቁጥር ቀነሰ። ግን እሱ ጠረጴዛውን ብቻ አልቀየረም። ትምህርቱን ራሱን ከንግግር ወደ ሥራ ለውጦታል። ጠረጴዛውን ገዝቶ ትምህርቱን እንደ ድሮው ለሚያስቀጥል ግማሹ ተማሪ ጀርባውን ለመምህሩ ሰጥቶ ይቀመጣል።

ጎማ ያለው ዕቃ ልግዛ ወይ? የእጅ ሰዓት ያዙ። ልጆቹ ከረድፍ ወደ ቡድን ለመቀየር ስንት ደቂቃ ፈጀባቸው? ከሁለት ደቂቃ በታች ከሆነ መምህሩ ይጠቀምበታል። አምስት ከሆነ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ማንም አይነካውም። ይህ የሚወሰነው ከጎማው ይልቅ በክፍት ቦታው ነው። ተጨናንቆ የሞላ ክፍል ውስጥ ጎማ መሄጃ የለውም። ቀለል ያለ፣ ሁለት ልጅ ተባብሮ የሚያነሳው ጠረጴዛና ለየብቻው ያለ ወንበር ይበቃል። አንድ ላይ የተበየደ ዴስክ ግን አልመርጥም፤ ቁመትም ቦታም አይቀይርም።

ከጎማው በፊት ቁመቱን እዩ። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቷን ስትከፍት በልጅ ልክ የተሠራ ዕቃ ማስገባቷ ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። ዛሬም እግሩ መሬት ሳይነካ ቀኑን የሚጨርስ ልጅ አለ። እግር ወለል ይንካ፣ ጉልበት በቀጤ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ይታጠፍ፣ ክርን ጠረጴዛው ላይ ትከሻን ሳያነሳ ይረፍ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ልክ ያስፈልጋል፤ እኩዮች ሁሉ እኩል አይረዝሙም።

ግድግዳ፦ የተሞላ ወይስ ባዶ?

በ2014 የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሁለት ዓይነት ክፍል አስተማሩ። አንዱ ግድግዳው በሥዕልና በፖስተር የተሞላ፣ ሌላው ባዶ ነበር። በተሞላው ክፍል ልጆቹ ከጊዜው 38.6 በመቶውን፣ በባዶው 28.4 በመቶውን ተዘናግተው አሳለፉ። ፈተናው ላይ ደግሞ በባዶው ክፍል 55 በመቶ፣ በተሞላው 42 በመቶ አገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግድግዳ ሁሉ ይገፈፍ አያሰኝም። የሳልፎርዶቹም ያገኙት መሃሉ እንደሚሻል ነው፤ ከግድግዳው ከ20 እስከ 50 በመቶው ባዶ ይሁን ይላሉ። እኔ የሰሌዳውን ግድግዳ ጸጥ ያለ አደርገዋለሁ። የልጆቹን ሥራ በጎንና በኋላ ግድግዳ እሰቅላለሁ። የራሱ ሥዕል ያለበት ክፍል ለልጅ የራሱ ነው። ከገበያ የተገዛ ፖስተር ግን ያን ስሜት አይሰጥም።

ስክሪን ወይስ ፕሮጀክተር?

ይህን አጠር ላድርገው። ስክሪኑ በደማቅ ብርሃንም ይታያል፣ መጋረጃ አያዘጋም፤ ጥላም አይጥልም። ፕሮጀክተር በትንሽ ዋጋ ትልቅ ምስል ይሰጣል፤ አምፖሉ ግን በጥቂት ሺህ ሰዓት ውስጥ ይቀየራል፣ ማራገቢያውም ይጮሃል። ቀላል ሒሳብ አለ። ጽሑፍ ለማንበብ የመጨረሻው ተማሪ ርቀት ከምስሉ ቁመት ስድስት እጥፍ ባያልፍ ጥሩ ነው። ባለ 65 ኢንች ስክሪን ቁመቱ 81 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስድስት እጥፉ አምስት ሜትር እንኳ አይሞላም። ባለ 86ቱ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ድረስ ያስነብባል። ስምንት ሜትር በሚረዝም ክፍል ፊት ለፊት ባለ 65 ከሰቀላችሁ ኋላ ያሉት የሚያዩት ብርሃን ነው እንጂ ጽሑፍ አይደለም። የምትገዙት የቱንም ይሁን፣ ሰሌዳውን አታንሱት። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ መጥፋት የለበትም።

በአንድ ክፍል ጀምሩ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ሁሉንም ክፍል በአንድ ክረምት አትንኩ። አንዱን አድሱ፣ ጎኑ ያለውን እንዳለ ተዉት። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ የወንበር እግር ላስቲክ፣ ከበር በላይ የምትከፈት መስኮትና የማያንጸባርቅ ሰሌዳ ይቅደሙ። ትንሽ ከተረፈ ኮርኒሱ ይከተል። ሌላው ይቆይ።

ከአንድ ወር በኋላ ልጆቹን "ወደዳችሁት?" ብላችሁ አትጠይቁ። አዲስ ነገር ማን ይጠላል? ይልቅ የቃል ጽሕፈት ስጧቸው። መምህሩ ከፊት ቆሞ፣ ከንፈሩን በወረቀት ከልሎ፣ በተለመደው ድምፁ ልጆቹ የማያውቋቸውን ሃያ ቃላት ያንብብ። ወረቀቱን ስትሰበስቡ ፊት የተቀመጡትንና ኋላ የተቀመጡትን ለየብቻ ደርድሩ። በሁለቱም ክፍል እንዲሁ አድርጉ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹን ቦታ አቀያይሩና ሌላ ሃያ ቃል ይዛችሁ ድገሙት። የኋለኞቹ ወረቀት ከፊተኞቹ ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ስክሪኑን አትዘዙ።